ሰማንያ ወይስ ስክሪንሾት

በእኛ ሙያ ያለ ሰው ይህን ኢሜይል ያውቀዋል፤ ለራሱ ባይደርሰው እንኳ የደረሰውን ሰው ያውቃል። ከበርሊን ወይ ከአምስተርዳም ወይ ከቶሮንቶ የመጣ የሥራ ውል ነው። ደሞዙ በዩሮ ወይ በዶላር ተጽፏል፣ የዓመት ፈቃዱ ተቆጥሯል፣ ታች ላይ ደግሞ የአውሮፕላን ቲኬትና የመጀመሪያውን ወር የቤት ኪራይ እንደሚሸፍኑ ይነግሩና «ቤተሰብ ካለህ አሳውቀን» ይላሉ። ሰው ሁሉ ደሞዙ ላይ ነው የሚያፈጠው። እኔን ግን የምትከነክነኝ ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ቤተሰብ ካለህ። አራት ዓመት አብረሃት የቆየህ፣ ስትታመም ያስታመምካት፣ ደሞዝ የዘገየ ወር ኪራይህን የከፈለችልህ፣ ግን ያላገባሃት ሴት ቤተሰብ ናት?

ጥያቄውን ለኤምባሲ ብታቀርበው መልሱ እንደ አገሩ ነው።

ጀርመን አይደለችም ትላለች። ለሥራ የሚሄድ ሰው የትዳር ጓደኛውን እንዲያመጣ ሕጉ ይፈቅዳል፤ እንዲያውም የአውሮፓ ብሉ ካርድ ያለው ሰው ሚስት ወይም ባል ጀርመንኛ ቋንቋ ማወቃቸውን አስቀድመው እንዲያሳዩ አይጠየቁም። ያልተጋባችሁ ከሆነ ግን በዚህ በር የሚያስገባ ምድብ የለም። ኔዘርላንድስ ናት ትላለች፣ ሁለታችሁ ናት ካላችሁ። ዘላቂና ሦስተኛ ሰው የሌለበት ግንኙነት እንዳላችሁ የሚገልጽ ቅጽ ትፈርማላችሁ፣ ሁለታችሁም ያላገባችሁ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ታመጣላችሁ፣ የአምጪው ገቢ ይታያል። ካናዳ 12 ተከታታይ ወራት አብራችሁ ከኖራችሁ ናት ትላለች፣ ግን አሳዩኝ። እንግሊዝ ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆየ ትዳር መሰል ግንኙነት ትፈልጋለች፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ ሁለቱን ዓመት በአንድ ቤት መኖር ግዴታ ነበር፣ አሁን ያ ላልቷል። አሜሪካ ለኤች ዋን ቢ ሠራተኛ የትዳር ጓደኛና ልጆች ኤች ፎር የሚባለውን ቪዛ ትሰጣለች፤ ላልተጋቡት ያለው በር የጎብኚ ቪዛ ነው፣ በእሱ ደግሞ መሥራት አይቻልም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ሕጋቸውን ካሻሻሉ ወዲህ ሳይጋቡ አብሮ መኖር በራሱ ወንጀል መሆኑ ቀርቷል፣ ሰው በቤተሰብነት ለማስገባት ግን አሁንም የተረጋገጠ የጋብቻ ወረቀት ይጠየቃል። አብራችሁ ብትኖሩ አንቀጣችሁም፣ ግን አናውቃችሁም፣ እንደማለት።

ሁለቱ ሰዎች ያው ናቸው። አዲስ አበባ ያለው አልጋቸው ያው ነው። የተለወጠው የሚጠይቃቸው መስኮት ብቻ ነው።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ዳታው አንድ ነው፤ የሚለያየው ሲስተሙ የሚቀበለው ፎርማት ነው። መንግሥት ማወቅ የሚፈልገው እነዚህ ሁለት ሰዎች እውነት አንድ ኑሮ አላቸው ወይ የሚለውን ነው። ይህን በቀጥታ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ማንበብ የሚችለውን ነገር ይፈልግና በቦታው ይተካል፤ ማኅተም፣ ቀን፣ ፊርማ። እንዲህ ያለ ምትክ ደግሞ ሁልጊዜ በሁለት በኩል ይስታል። ያልሆነውን ነው ይላል፣ የሆነውን አይደለም ይላል።

ያልሆነውን ነው ሲል እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ ስም ሁሉ አውጥተንለታል፣ «የወረቀት ጋብቻ»። ዲቪ የደረሰው ልጅ ቤት ድንገት አማላጅ ሲበዛ፣ ለወራት እንኳ የማይተዋወቁ ሰዎች የሠርግ ፎቶ ሲነሱ፣ ገንዘብ ተቆጥሮ ሰማንያ ሲፈረም ያላየ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። እነዚህ ሰዎች ማኅተም ስላላቸው በብዙ መስኮት ያልፋሉ። አራት ዓመት አብረው የቆዩት ደግሞ ይመለሳሉ። ብዙ ጊዜ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። ወረቀቱ ዋጋ ቢስ ነው፣ መንግሥት እውነተኛውን ግንኙነት ይይ፣ በቃ። ወጣቶች ስንሰባሰብ ይህን ሐሳብ የማይደግፍ አላጋጠመኝም።

እኔ ግን ግማሹን ብቻ ነው የማምነው። ምክንያቱም «እውነተኛውን ግንኙነት ይይ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በቅርብ አይቻለሁ።

የማውቃቸው ሁለት ሰዎች አሉ። እሱ እንደኔው ፕሮግራመር ነው፣ እሷ ፋርማሲስት ናት። ማስረጃ ከሚጠይቁት አገሮች በአንዱ ሥራ አገኘ። የሚፈለገውን ዝርዝር አብረን ነው ያነበብነው። በሁለታችሁ ስም የተፈረመ የኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ በአንድ አድራሻ የመጡ ደረሰኞች፣ ቤተሰብና ጓደኛ የጻፈው ምስክርነት፣ በተለያየ ጊዜ የተነሣችኋቸው ፎቶዎች፣ የተጻጻፋችሁት መልእክት። እሷ አንብባ ስትጨርስ ሳቀች። እንዴት አትስቅ? የኪራይ ውሉ በእሱ ስም ነው፤ አከራይዋ እትዬ ደግሞ የምታውቃት የአክስቱ ልጅ መሆኗን ነው፣ ምክንያቱም «ያላገባ ሰው ሴት እንዳያመጣ» ብላ ነበር ያከራየችው። ወላጆቿ ዘንድ በሳምንት አራት ቀን የሌሊት ተረኛ ናት። ከደሞዟ ግማሹ ለእናቷ፣ ቀሪው ለዕቁብ ነው የሚሄደው፤ የቤቱን አስቤዛ የምትገዛው በጥሬ ገንዘብ፣ ከሠፈር ሱቅ፣ ያለ ደረሰኝ። ፎቶ ኢንስታግራም ላይ አትለጥፍም፣ ወንድሟ ያያል። ቴሌግራማቸው ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው የተሞላው። አራት ዓመት ሙሉ በጥንቃቄ ያጠፉትን ማስረጃ በአራት ሳምንት ሰብስባችሁ አምጡ ተባሉ።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የተገለበጠው። ማስረጃ የሚጠይቀው አገር ራሱን ለዘብተኛ አድርጎ ያያል፤ ማግባት አያስፈልግህም፣ ፍቅርህን አከብራለሁ ይልሃል። ግን የሚፈልገው ማስረጃ ሳይጋቡ መኖር ምንም በማይባልበት ኅብረተሰብ ውስጥ ብቻ የሚመረት ማስረጃ ነው። ስቶክሆልም ያሉ ጥንዶች ምንም ሳያስቡ በየወሩ ያመርቱታል፤ ኪራዩ በሁለቱም ስም፣ መብራቱ በእሷ ስም፣ ፖስታ ሣጥኑ ላይ ሁለት ስም። ሳሪስ ያሉት ግን ያንኑ ኑሮ ለመኖር ያንኑ ማስረጃ ማጥፋት ነበረባቸው። መደበቃቸው የፍቅራቸው ጉድለት አልነበረም፣ የከፈሉበት ዋጋ ነበር እንጂ። መስኮቱ ላይ ግን ዋጋው እንደ ጉድለት ይቆጠራል።

በዚያ ላይ መለኪያው ራሱ የሚለካውን ነገር ይለውጠዋል። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሣው ነገር አለ፤ አንድን ቁጥር መቆጣጠሪያ ካደረግከው ቁጥሩ ድሮ ይነግርህ የነበረውን መንገር ያቆማል ነው ነገሩ። እኛ ሥራ ላይ ይህን በየቀኑ እናየዋለን። የተጻፈ የኮድ መስመር ተቆጥሮ ሲገመገም ኮዱ ይረዝማል። ፍቅርም ያው ነው። ሰዎች ለፋይል ብለው ፎቶ ይነሳሉ፤ ልብስ ቀይረው በአንድ ቀን የሦስት ወቅት ፎቶ። ለፋይል ብለው «እወድሻለሁ» ይጻጻፋሉ፣ ቀኑ እንዲታይ። የተጣላችሁበት ሳምንት ቻቱ ውስጥ ክፍተት ሆኖ ይታይና ትደነግጣላችሁ። አንድ የማታውቁት ሰው፣ ምሳ ሰዓቱ የደረሰበት ሠራተኛ፣ ስክሪንሾታችሁን ወደ ታች እያሸራተተ እውነት ናችሁ ወይ ብሎ ይፈርዳል።

ለዚህ ነው የጋብቻ ወረቀት ላይ የምንጭንበትን ስድብ ትንሽ መቀነስ የምፈልገው። ወረቀቱ ግድየለሽ ነው፤ ግድየለሽነቱ ደግሞ አንዳንዴ ምሕረት ነው። ተጠርጥራችሁ ለብቻ ለብቻ ካልተጠየቃችሁ በቀር ማታ ምን እንደተባባላችሁ አይጠይቅም። አስቀያሚዎቹን፣ ዝምተኞቹን፣ ፎቶ የማይወዱትን፣ ገንዘባቸውን ለየብቻ የሚይዙትን እኩል ያስተናግዳል። በእኛ ሙያ ከሚያስፈልግህ በላይ የሰው መረጃ አትሰብስብ የሚል ትምህርት አለ። በዚህ መለኪያ ሰማንያ ከስክሪንሾት ይልቅ ጨዋ ነው።

እነዚያ ሁለቱ በመጨረሻ ሰማንያውን ፈረሙ። ክፍለ ከተማ ሄደው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ምስክር ይዘው። ቤተሰብ ተነገረ፣ ተደነገጠ፣ ተለቀሰ፣ ተመረቀ። አሁን ባልና ሚስት ናቸው፣ ደህናም ናቸው። ግን አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «እወደዋለሁ፣ ባሌ ነው። ግን ያጨኝ እሱ አይደለም፣ ቪዛው ነው።»

ይህቺን ንግግር ብዙ ጊዜ አስቤባታለሁ። የወረቀት ጋብቻ አይደለም የነሱ፤ ውስጡ እውነት አለ። በኃይል የተደረገም አይደለም፤ ማንም አልጎተታቸውም። ግን ነፃ ነበር ለማለትም ያስቸግራል። ቃል ኪዳን ማለት ሌላ ማድረግ ስትችል ይህን አደርጋለሁ ማለት ነው። አንዱ ምርጫ «እንጋባ»፣ ሌላው «እንለያይ ወይም ሥራውን ተው» ሲሆን ቃል ኪዳኑ ውስጥ አንድ የማይታይ ሦስተኛ ሰው ይቀመጣል። ወደፊት ሲጣሉ ያ ሦስተኛ ሰው ይነሣል። «ድሮም ለወረቀት ነው ያገባኸኝ» ለማለት መንገዱን የከፈተው መንግሥት ነው፤ ለአንድ የመኖሪያ ፈቃድ ብሎ የዕድሜ ልክ ቃል በመጠየቁ።

ለነገሩ እኛ ራሳችን ለዚህ ዓይነቱ ሰው ምን ብለን እንደምንጠራ አናውቅም። «ፍቅረኛዬ» ስትል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ትመስላለህ። «እጮኛዬ» ካልክ ሠርጉ መቼ ነው ይሉሃል። «ቅምጥ» እና «ውሽማ» ስድብ ናቸው። «አጋሬ» ብለህ ስትሞክር ደግሞ ከአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ጋር የመግባቢያ ሰነድ የተፈራረምክ ይመስላል። የቤተሰብ ሕጉ ራሱ አንድ ቃል አላገኘም፤ «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ይላል፣ ሰባት ቃል።

ቃሉ ባይኖርም ነገሩ ግን ጥንትም ነበር። ጋብቻ እዚህ አገር አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። በቁርባን የታሰረው ነበር፣ በሰማንያ በዋስ የሚፈጸመውና የሚፈርሰው ነበር፣ ከነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ የደሞዝ የሚባለው ነበር። የደሞዝ ጋብቻን ይፈጽሙ ከነበሩት ውስጥ ከቤታቸው ርቀው የሚሄዱ ነጋዴዎችና ወታደሮች ይገኙበታል። ለተወሰነ ጊዜ፣ በተቆረጠ ክፍያ። ይህን የምጠቅሰው ለማስዋብ አይደለም። ሴቲቱ ከሚስትነት ይልቅ ለተቀጣሪነት የቀረበች ነበረች፣ ጊዜው ሲያልቅ መንገደኛው መንገዱን ይቀጥላል። ግን አንድ ነገር ያሳያል። ለሥራ መንገድ የወጣ ሰውና አብራው ያለች ሴት ምን ይባላሉ የሚለው ጥያቄ ከአውሮፓ በኢሜይል የመጣብን አይደለም። አባቶቻችን መልስ ሰጥተውት ነበር፤ መልሳቸው ለመንገደኛው እንጂ ለሴቲቱ የተሠራ አልነበረም እንጂ።

የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከዚያ በጣም የተሻለ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አንብቦት አያውቅም። ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት፣ በባህል። ከነዚህ ውጭ ደግሞ ያንን ባለ ሰባት ቃሉን ኑሮ ያውቃል። ሁለቱ ሰዎች እንደ ተጋቡ ሰዎች መኖራቸው ይበቃል ይላል፤ ለሌላ ሰው ተጋብተናል ብለው መናገር የለባቸውም። በፍትወት መገናኘት ብቻውን ግን፣ ምንም ያህል ቢደጋገም፣ አይበቃም። ቢያንስ ሦስት ዓመት ከዘለቁ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። ማስረጃውስ? ዘመድና አካባቢው እንዴት ያያቸዋል የሚለው ነው። ማለትም ሕጋችን የሚጠይቀው ጎረቤትን ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ ጎረቤት የአክስቱ ልጅ ናት ካልተባለ።

ግን ልብ በሉ፣ ይህ እውቅና የሚያገለግለን በአብዛኛው ስንለያይ ነው። ቤቱ ይካፈል፣ ልጁ የማን ነው፣ ቀለብ ማን ይቁረጥ። አብረን ለመሄድ ስንፈልግ ግን አገልግሎቱ ያበቃል። እንዲያውም ኔዘርላንድስ ለመሄድ ከወረዳ የሚያስፈልገን ወረቀት አብረን መኖራችንን የሚያሳይ ሳይሆን ያላገባን መሆናችንን የሚያሳይ ነው። ቤተሰብ መሆንህን ለማስረዳት ቤተሰብ እንደሌለህ ማኅተም ታስመታለህ። የሚያስቅ ነው፣ ግን እየቆየሁ ሳስበው ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለው ይህ ሆኖ አገኘሁት።

ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከአርባ ዓመት በፊት እዚያው ኔዘርላንድስ ወደ ነበረ አንድ ጉዳይ ልሂድ። አንዲት እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1981 ወደዚያ ሄደች። ፍቅረኛዋም እንግሊዛዊ ነው፤ ለእንግሊዝ ኩባንያ ቅርንጫፍ እዚያ ይሠራል። አልተጋቡም፣ እሷ ሥራ የላትም። የመኖሪያ ፈቃድ ጠየቀች፣ ተከለከለች፣ ነገሩ ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። የዚያን ጊዜው የአውሮፓ ደንብ ሠራተኛው «የትዳር ጓደኛውን» ማምጣት ይችላል ይላል። ኅብረተሰቡ ተለውጧል፣ ቃሉ እኔንም ይጨምር ዘንድ ይተርጎም ነው ክርክሩ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1986 አይሆንም አለ፤ «የትዳር ጓደኛ» ማለት ያገባ ማለት ነው፣ በአባል አገሮቹ ሁሉ ተቀባይነት ያገኘ ለውጥ ሳይኖር ቃሉን መለጠጥ አይቻልም። ጉዳዩ እዚህ ላይ አበቃ ስትል ግን ሌላ በር ከፈተ። ኔዘርላንድስ ለገዛ ዜጎቿ ያላገቧቸውን የውጭ አገር ፍቅረኞች እንዲያመጡ ትፈቅዳለች። እንግዲያው ያንኑ ለሌላ አባል አገር ሠራተኛ መከልከል መድልዎ ነው። ሠራተኛ የሚወደው ሰው አብሮት ቢኖር ከአዲሱ አገር ጋር መዋሐድ ይቀለዋልና።

ይህን ፍርድ የምወደው ስለ ፍቅር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ትክክለኛውን ነገር ስላደረገ ነው። እነዚህ ሁለቱ ምን ያህል ይዋደዳሉ ብሎ አልመረመረም። ለጎረቤቱ የሰጠኸውን ለዚህም ስጥ ነው ያለው። በእርግጥ ለእኛ አይደለም የተፈረደው፤ ለአባል አገር ዜጎች ነው። ከውጭ የሚመጣውን ሠራተኛ በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የቤተሰብ ማገናኘት መመሪያ ያልተጋቡ ጥንዶችን ነገር ለየአገሩ ምርጫ ትቶታል። ለዚህ ነው በአንድ ኅብረት ውስጥ ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ጀርመንና ኔዘርላንድስ፣ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ የሚሰጡት።

የኔዘርላንድሱ መንገድ የሚሻለኝ ጥንዶቹን የሚያናግርበት መንገድ ነው። ስላለፈው ኑሯቸው ክምር ማስረጃ ከመቆፈር ይልቅ ዋናውን ክብደት ቃላቸው ላይ ይጥላል። አብረን ነን በሉ፣ ፈርሙ፣ የሚመጣውን ሰው ማስተዳደር እንደምትችል አሳይ፣ ነገር ከተለወጠ አሳውቅ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰማንያም መሠረቱ ቃልና ዋስ ነበር። ጎረቤትን የአክስቱ ልጅ ናት ብሎ ላሳመነ ሰው እንኳ ይሠራል፤ የሚጠየቀው ከአሁን በኋላ ስላለው ነውና።

ይሸጣላ! ይባላል ወዲያው። ፊርማ ብቻ ከሆነ ሰው ሁሉ እየፈረመ ያልፋል። ሊሆን ይችላል። ግን የጋብቻ ወረቀትም ይሸጣል፤ ከላይ ያነሣሁት የዲቪው ገበያ ምስክር ነው። ማጭበርበር የሚፈራ መንግሥት ወረቀት ቢያወፍርም ባያወፍርም ያው አጭበርባሪው ዋጋውን ጨምሮ ያልፋል፤ የሚቀረው አራት ዓመት የተደበቀው ሐቀኛ ነው።

የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፣ ከውጭ አይደለም የሚመጣው፣ ከቤታችን ነው። አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፣ እናትና አባቱ ሞተው ታናሽ እህቱን ራሱ ነው ያሳደጋት። ይህን ሁሉ ክርክር ስነግረው ሰማኝና «እሺ፣ እህቴስ?» አለ። ፍቅረኛዬን በስምንት ወር ትውውቅ ወስዳታለሁ፣ አሥር ዓመት ያበላኋት ልጅ ግን በየትኛውም ፎርም ላይ ሣጥን የላትም። እውነቱን ነው። ለእኛ «ቤተሰብ ካለህ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ፍቅረኛ አይደለም፤ እናት ናት፣ ወንድም ነው፣ ያሳደገችህ አክስት ናት። ፈላስፋዋ ኤሊዛቤት ብሬክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው መጽሐፍ ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ትከራከራለች፤ መንግሥት ከሰው ግንኙነቶች ሁሉ የጥንዶችን ፍቅር ነጥሎ የሚያነግሥበት ምክንያት የለም፣ መታየት ያለበት መተሳሰቡ ነው ትላለች። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ፍልስፍና ሳይሆን የደሞዝ ቀን ነው።

የተሟላ መልስ የለኝም። አንድ የማምነው ነገር ግን አለ። የእህትየዋ ጥያቄ ትክክል መሆኑ የፍቅረኛይቱን በር ለመዝጋት ምክንያት አይሆንም። «ለዚያች ያልተሰጠ ለዚህች ለምን» የሚለው ክርክር የሚያበቃው ለማንም ባለመስጠት ነው፤ የሉክሰምበርጉ ክርክር ግን በተቃራኒው ነበር የሄደው። ቃልንና ኃላፊነትን የሚቀበል ሥርዓት አንድ ቀን የእህትንም ቃል ለመቀበል ይቀርባል። ማኅተምን ብቻ የሚቀበል ግን በጭራሽ አይደርስበትም፣ ምክንያቱም እህትነትን የሚያጸና ሠርግ የለም።

አሁን ደግሞ ስለ ሄደችዋ። እስካሁን የተነጋገርነው ሥራ ባገኘው ሰው በኩል ነው፤ «ይዟት መሄድ ይችላል ወይ» እያልን። ዓረፍተ ነገሩን ልብ በሉት፣ እሷ ሻንጣ ናት። ወንድ ተከትሎ የሚሄድበትም ጊዜ አለ፣ ግን በማውቃቸው ሰዎች ዘንድ የምትከተለው ብዙውን ጊዜ ሴቷ ናት። ሥራዋን ትለቃለች፣ ዕቁቧን ለሌላ ታስተላልፋለች፣ እናቷን ትተዋለች፤ እዚያ ስትደርስ ፈቃዷ ላይ የሚጻፈው እሷ ማን እንደሆነች ሳይሆን የማን እንደሆነች ነው። ግንኙነቱ ካበቃ ፈቃዱም ያበቃል። እዚህ ላይ ያገባችና ያላገባች ብዙም አይለያዩም። ጀርመን ውስጥ ሚስት የራሷ የሆነ የመኖር መብት የሚኖራት ትዳሩ እዚያው አገር ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው፤ ድብደባን ለመሰለ ከባድ ችግር ልዩ ሁኔታ አለ። ኔዘርላንድስ አምስት ዓመት ነው። ያ የወደድኩት የኔዘርላንድስ ቅጽ ነገር ከተለወጠ አሳውቅ ይላል ብያለሁ። ማን ነው የሚያሳውቀው? አምጪው። አንድ ቀን ማታ በሳህን እጥበት ብትጣሉ፣ አንዳችሁ ኢሜይል በመላክ ሌላችሁን ከአገር ማስወጣት ትችላላችሁ። ባይልከውም መላክ እንደሚችል ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ሆና ብታኮርፍ እናቷ ጋ ትሄዳለች። እዚያ አኩርፋ የት ትሄዳለች?

ስለዚህ የሥራ ውል ይዞ ለሚመክረኝ ጓደኛ ሁለት ነገር ነው የምለው። ማግባት ከፈለጋችሁ ተጋቡ፣ ካልፈለጋችሁ ቃላችሁን የሚቀበል አገር ምረጡ፤ ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ከደሞዙ በፊት አሠሪውን ጠይቀው፤ አብራኝ የምትመጣው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሥራት ትችላለች? በራሷ ስም ፈቃድ የምታገኘው መቼ ነው? የቋንቋ ትምህርቷን ማን ይከፍላል? የድርጅቶቹ የሰው ኃይል ክፍል እነዚህን ሲጠየቅ ይደናገጣል፣ ግን መልስ ፈልጎ ያመጣል።

ጀርመን የምትኖር አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። በብሉ ካርድ ከሄደ ባሏ ጋር ነው የሄደችው። ትዳራቸው ደህና ነው፤ ቪዲዮ ላይ ሳያቸው ይሳሳቃሉ፣ እሱ ዶሮ ወጥ ሞክሮ ያሳረረበትን ድስት ታሳየኛለች። ባለፈው ስንደዋወል እሱ ከክፍሉ ሲወጣ ስንት ወር እንደቀራት ነገረችኝ፣ ሳልጠይቃት። አሥራ አራት።